ከፖፕላር ማዘጋጃ ቤት እስከ ፓርላማ፦ ጆርጅ ላንስበሪና የቤት ግብር ሒሳብ

እንደምን አመሻችሁ። ንግግሬን በሒሳብ ልጀምር። በድሮው የእንግሊዝ ገንዘብ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ ደግሞ 12 ፔኒ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነው። የለንደን ወረዳዎች ዋና ገቢ የቤት ግብር ነበር። ቤቱ በዓመት ስንት ሊከራይ ይችላል ተብሎ ይገመታል፤ ከዚያ ምክር ቤቱ በእያንዳንዱ የግምት ፓውንድ ላይ ስንት ፔኒ እንደሚከፈል ይወስናል። 20 ፓውንድ የተገመተ ቤት ያለው ሰው፣ ግብሩ በፓውንድ አንድ ፔኒ ቢሆን፣ 20 ፔኒ ይኸውም 1 ሽልንግ ከ8 ፔኒ ይከፍላል።

እዚህ ድረስ ፍትሐዊ ይመስላል። አሁን ይህንኑ አንድ ፔኒ በመላው ወረዳ ላይ እንጣል። በ1921 ባለጸጎች በሚበዙባት የለንደን ወረዳ በዌስትሚኒስተር ወደ 30,000 ፓውንድ ያስገባል። በምሥራቅ ለንደን፣ በወደቡ ዳር ባለችው በፖፕላር ደግሞ 4,000 ፓውንድ አይሞላም። ዌስትሚኒስተር በአንድ ፔኒ የሚያገኘውን ለማግኘት ፖፕላር ስምንት ፔኒ ያህል መጣል አለባት፤ ያውም በወደብ ጫኝና አውራጅ ላይ፣ በባቡር ሠራተኛ ላይ፣ በልብስ አጣቢ ላይ። ሥራ አጥ የሚበዛው፣ ድጎማ የሚጠይቀው ሕዝብ ያለውም እዚያው ፖፕላር ነው። በሕጉ ደግሞ ድሃውን የሚረዳው ድሃው የሚኖርበት አካባቢ ራሱ ነበር።

የዛሬው ባለታሪካችን ጆርጅ ላንስበሪ ይህን ሒሳብ በቃሉ ያውቀው ነበር። የአካባቢ ተመራጭ ሆኖ ጀምሮ የፓርላማ አባል፣ ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የሌበር ፓርቲ መሪ ሆኗል። ስለ እሱ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ደግነቱና ሰላም ወዳድነቱ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ላንስበሪ የአገሪቱን ሕግ ያስለወጠው በፓርላማ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳይሆን በወረዳ ምክር ቤት አባልነቱ፣ ያውም ከእስር ቤት ሆኖ ነው። የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላንስበሪ በ1859 በሰፈክ አውራጃ ተወለደ፤ ያደገው በምሥራቅ ለንደን ነው። በ1884 ቤተሰቡን ይዞ ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ፣ እንደ ተነገረው ሆኖ ስላላገኘው በዓመቱ ተመለሰ። የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ ድሉ የመጣው በ1893 ሲሆን፣ የተመረጠበት ቦታ ብዙ ሰው የማይመኘው ነበር፦ የፖፕላር የድሆች አሳዳሪ ቦርድ።

ይህ ቦርድ ምን ይሠራ እንደነበር ካልገባን ቀሪው ታሪክ አይገባንም። በ1834ቱ የድሆች ሕግ መሠረት እርዳታ የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው «ወርክሃውስ» በሚባለው ግቢ ውስጥ ነው፤ ችግረኛው ቤቱን ለቅቆ ይገባል፣ ባልና ሚስት ይለያያሉ፣ ልጆች ለብቻ ይደረጋሉ፣ ሁሉም ዩኒፎርም ይለብሳል፣ ለሚበላው ይሠራል። ሁለተኛው ከግቢው ውጭ፣ ሰው ቤቱ ሆኖ የሚያገኘው ጥቂት ገንዘብ ወይም ምግብ ነው። የሕጉ መንፈስ ግልጽ ነበር፦ ግቢው ከድሃው ጎጆ የከፋ ካልሆነ ሰው ሁሉ ይጎርፍበታል የሚል። ቦርዱን የሚመርጡት ደግሞ ግብር ከፋዮች በመሆናቸው፣ ወጪ የቀነሰ እንጂ ሰው ያጠገበ አባል አይመሰገንም ነበር።

ላንስበሪና ጓደኛው ዊል ክሩክስ ቦርዱ ውስጥ የገቡት ግቢውን ለመዝጋት አልነበረም፤ ያን ለማድረግ ሥልጣኑም አልነበራቸውም። ያደረጉት በእጃቸው ያለውን መቀየር ነበር። የምግቡን ጥራት አሻሻሉ፣ ዩኒፎርሙን አስቀሩ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት አያያዝ ለወጡ። የአካባቢ ምክር ቤት ሥራ ሀ ሁ ይኸው ነው። ሕጉ እንዳለ ሆኖ፣ የወተቱ ውል ለማን ይሰጥ፣ ሥጋው ስንት ይመዘን፣ ሠራተኛው እንዴት ይቀጠር የሚለው በኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ይወሰናል። ይህን ንቆ ንግግር ብቻ የሚያሳምር ተመራጭ የትም አይደርስም። የዕቃ ግዢውን ሰነድ መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ግቢውን ሌላ ግቢ ያደርገዋል።

ከዚያ ወደ ሥራ አጥነት ተሻገሩ። በ1904 ጆሴፍ ፌልስ የተባለ አሜሪካዊ የሳሙና ባለጸጋ በኤሴክስ፣ በሌይንደን 100 ኤከር፣ ማለትም 40 ሔክታር ያህል መሬት ገዝቶ ለስም ያህል በሚከፈል ኪራይ ለቦርዱ ሰጠ። ሐሳቡ ጤነኛ ሥራ አጦች ግቢ ውስጥ ድንጋይ ከሚፈልጡ ገበሬነት እንዲማሩ ነበር። በሐሳብ ደረጃ የሚያስደስት ነው፤ በተግባር ግን ከተሜውን የወደብ ሠራተኛ መሬት ላይ ማስፈር ጊዜና የራስ ይዞታ ይጠይቃል፤ ማዕከላዊው መንግሥት ደግሞ ሰዎቹን በቋሚነት ማስፈርን አልፈቀደም። በ1906 የማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤት የሆነው የአካባቢ አስተዳደር ቦርድ የፖፕላርን ወጪ እንዲመረምር መርማሪ ላከ፤ ሪፖርቱ የፖፕላርን የድሆች ቦርድ ክፉኛ ነቀፈ። ወጪ አበዙ የሚለው ክስ እንግዲህ ላንስበሪን እስከ መጨረሻው ተከትሎታል።

ያም ሆኖ የቦርዱ ሥራ አገር አቀፍ በር ከፈተለት። ከ1905 እስከ 1909 የድሆችን ሕግ የመረመረው የንጉሣዊ ኮሚሽን አባል ሆኖ ተሾመ። ከማኅበራዊ ተመራማሪዋ ከቢያትሪስ ዌብ ጋር ሆኖ የፈረመው፣ በኮሚሽኑ በድምፅ ያነሱት አባላት ለብቻቸው ያወጡት ሪፖርት የድሆች ሕግ ጨርሶ እንዲፈርስና ሕመምተኛው በጤና፣ ልጁ በትምህርት፣ ሥራ አጡ በሥራ አገናኝ መሥሪያ ቤት በኩል እንዲረዳ ሐሳብ አቀረበ። ልብ በሉ፣ ላንስበሪ በኮሚሽኑ ላይ ከምሁራኑ እኩል የተቀመጠው የቦርዱን መዝገብ ለአሥራ ሁለት ዓመት ሲያገላብጥ ስለኖረ ነው። በመካከሉ በ1903 የፖፕላር ወረዳ ምክር ቤት አባል፣ በ1910 ደግሞ ከወረዳዎቹ በላይ የሆነው የመላው ለንደን ካውንቲ ምክር ቤት አባል ሆኗል።

በታኅሣሥ 1910 የቦው ኤንድ ብሮምሊ የምርጫ ክልል ወደ ፓርላማ ላከው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከአካባቢ ወደ አገር አቀፍ ምክር ቤት የሚያልፍ ሰው የሚሰናከልበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። በወረዳው አንድ ድምፅ ሚዛን ይደፋል፤ አጀንዳውን ራስህ ታስይዛለህ፣ ውሳኔውን በሚቀጥለው ሳምንት በዓይንህ ታያለህ። በዌስትሚኒስተር፣ ማለትም በፓርላማው፣ አዲስ ገብ ከ670 አባላት አንዱ ነበር። ጊዜውን የሚከፋፍለው መንግሥት ነው፣ የመናገር ተራውን አፈ ጉባኤው ይሰጣል፣ ድምፁን ደግሞ ፓርቲው ይጠብቃል። ላንስበሪ ይህን አልለመደም። በሰኔ 1912 የታሰሩ የሴቶች ድምፅ ታጋዮች በግድ ምግብ እንዲወስዱ መደረጋቸውን በመቃወም በጠቅላይ ሚኒስትር አስኲዝ ላይ ፊት ለፊት ጮኸ፣ ከምክር ቤቱም እንዲወጣ ታዘዘ።

ከወራት በኋላ ከመቀመጫው ራሱ ለቀቀና የሴቶችን የመምረጥ መብት ብቸኛ ጥያቄ አድርጎ በማሟያ ምርጫ እንደገና ተወዳደረ። ኅዳር 26 ቀን 1912 በ751 ድምፅ ተሸነፈ። ጉዳዩ ትክክል ነበር፤ አካሄዱ ግን ከሥሩ ጎደሎ ነበር። መብታቸው የተጠየቀላቸው ሴቶች ራሳቸው ድምፅ መስጠት አይችሉም። ውሳኔውን ከአካባቢው ድርጅት ጋር አስቀድሞ አልመከረበትም። የምርጫው ቀን ላይ የሆነው ደግሞ ያሳዝናል፤ መራጭ የሚያመላልሱ መኪኖች የነበሩት የሴቶቹ ማኅበር፣ የመራጮች ስም ዝርዝር የነበረው ደግሞ የላንስበሪ የምርጫ ወኪል ነበር። ሁለቱ ወገኖች ሳይስማሙ ቀሩ። ዝርዝር የሌለው መኪና ወዴት ይሄዳል? ወደ ፓርላማ ለመመለስ ላንስበሪ አሥር ዓመት ፈጀበት።

እነዚያን አሥር ዓመታት ከዴይሊ ሄራልድ ጋዜጣና ከወረዳው ጋር አሳለፈ። በኅዳር 1919 በተደረገው የወረዳ ምርጫ የሌበር ፓርቲ በፖፕላር ከ42 የምክር ቤት አባላት መቀመጫዎች 39ኙን አሸነፈ፤ ላንስበሪም ከንቲባ ሆነ። ተመራጮቹ ከሰፈሩ የወጡ የወደብ፣ የባቡርና የፖስታ ሠራተኞች፣ የቤት እመቤቶች ነበሩ። ቤት መሥራት ጀመሩ፣ የጤና አገልግሎትን አስፋፉ። በ1920 ለምክር ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ዝቅተኛውን ደመወዝ በሳምንት 4 ፓውንድ አደረጉ፤ ሴቱም ወንዱም እኩል። በዚያ ዘመን ይህ ሰሚውን ያስደነግጥ ነበር።

ወዲያው የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ መጣ። በ1921 አጋማሽ በመላው አገሪቱ የሥራ አጡ ቁጥር ከ2 ሚሊዮን አለፈ። የወደብ ሥራ ሲቆም ፖፕላር ትቆማለች። የመንግሥት የሥራ አጥ መድን የማይሸፍነው ሰው ሁሉ ወደ ድሆች ቦርድ መጣ፣ ወጪውም ተመልሶ በፖፕላር ቤቶች ላይ ወደቀ። በለንደን ደረጃ ከ1867 ጀምሮ የጋራ የድሆች ፈንድ የሚባል ነበር፤ ነገር ግን የሚጋራው በዋናነት ወርክሃውስ የገቡትን ወጪ ነው። ቤቱ ሆኖ የሚረዳው ሰው ወጪ ሙሉ በሙሉ የወረዳው ዕዳ ነበር። እንግዲህ ፖፕላር ሰዎቿን ወደ ግቢው ብታጉር ሌላው ለንደን ያግዛታል፤ ቤታቸው ሆነው ቢረዱ ግን ብቻዋን ትሸከማለች። ስንጥቁ እዚህ ላይ ነበር፤ ያገኙትም የቦርዱን ሒሳብ ስለሚያውቁ ነው።

አሁን እርምጃቸውን በቅደም ተከተል እንመልከት። የወረዳ ምክር ቤት የሚሰበስበው ግብር የራሱ ብቻ አልነበረም። የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት፣ የከተማው ፖሊስ፣ የውኃ ቦርዱና የድሆች ሆስፒታሎች ቦርዱ ድርሻቸውን የሚያገኙት በወረዳው በኩል ነው፤ የክፍያ ትእዛዝ ይልካሉ፣ ወረዳው ከነዋሪው ሰብስቦ ያስተላልፋል። በመጋቢት 1921 መጨረሻ፣ የአዲሱ ዓመት ግብር ሲወሰን፣ የፖፕላር ምክር ቤት ለወረዳው ሥራና ለድሆች ድጎማ የሚያስፈልገውን ብቻ ጣለ፤ የአራቱን አካላት ድርሻ አልጣለም። ሰብስበው አልከለከሉም፤ መጀመሪያውኑ አልሰበሰቡም። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ገንዘብ አጥፍታችኋል የሚል ክስ ሊቀርብባቸው አልቻለም፣ የነዋሪውም ግብር ወዲያው ቀለለ። ሕዝቡ የትግሉን ጥቅም በኪሱ ያየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው።

የካውንቲው ምክር ቤትና የሆስፒታሎቹ ቦርድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደው ግዴታችሁን ፈጽሙ የሚል ትእዛዝ ጠየቁ። ሐምሌ 29 ተመራጮቹ በዚያን ጊዜ ከንቲባ የነበረውን ሳም ማርችን ከፊት አድርገው፣ ከ2,000 ያህል ደጋፊ ጋር ከቦው እስከ ፍርድ ቤት በእግር ሄዱ። ትእዛዙ ጸና፣ እነሱም እምቢ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ክስ ችሎት መድፈር ነው፤ ችሎት በመድፈር የታሰረ ሰው ደግሞ ትእዛዙን እስኪፈጽም ድረስ የሚወጣበት ቀን አይቆረጥለትም። ፖፕላሮች ይህን አውቀው ገቡበት። ቀን ያልተቆረጠለት እስር ታሳሪውን እንደሚያስጨንቅ ሁሉ አሳሪውንም ያስጨንቃል።

ከመስከረም 1 ጀምሮ 30 የምክር ቤት አባላት ታሰሩ፤ 25 ወንዶች በብሪክስተን፣ 5 ሴቶች በሆሎዌይ። ከነሱ መካከል ላንስበሪ፣ ልጁ ኤድጋርና የኤድጋር ባለቤት ሚኒ ነበሩ። ኔሊ ክሬሶል የተባለችው አባል ነፍሰ ጡር ነበረች። ታሳሪዎቹ ያለማቋረጥ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ የወረዳው ሥራ መቆም የለበትምና ምክር ቤቱ ይሰብሰብ። ተፈቀደላቸው። ሴቶቹ ከሆሎዌይ ወደ ብሪክስተን እየመጡ፣ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ በእስር ቤቱ ውስጥ 32 ስብሰባዎች ተካሄዱ። ላንስበሪ ማታ ማታ በመስኮቱ ብረት በኩል ውጭ ለተሰበሰበው ሕዝብ ይናገር ነበር። በመካከሉ የስቴፕኒና የቤትናል ግሪን ምክር ቤቶች እኛም ግብሩን አንጥልም ብለው ወሰኑ። መንግሥት ከዚህ በኋላ የሚያስረው ሰው ብዛት ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል መቁጠር ነበረበት።

ጥቅምት 12 ፍርድ ቤቱ ፈታቸው፤ የጤና ሚኒስትሩ በጠራው ጉባኤ ላይ እንዲገኙ በሚል መንገድ። ዓመቱ ሳያልቅ የአካባቢ አስተዳደሮች የፋይናንስ ድንጋጌ ሕግ ወጣ፤ ቤታቸው ሆነው የሚረዱ ሰዎች ወጪ በተወሰነ መጠን ከመላው ለንደን የጋራ ፈንድ እንዲሸፈን ተደረገ። ሀብታሞቹ ወረዳዎች ለድሆቹ መክፈል ጀመሩ። ላንስበሪ በፓርላማ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ያላገኘውን የሕግ ለውጥ በስድስት ሳምንት እስር አገኘው። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ሚኒ ላንስበሪ ከወጣች ብዙም ሳትቆይ ታማ ጥር 1 ቀን 1922 አረፈች፤ ዕድሜዋ 32 ነበር።

በዚህ ጊዜ ከገዛ ፓርቲያቸው የተቃወማቸው ነበር። የሃክኒ ከንቲባ የነበረው ኸርበርት ሞሪሰን፣ ዛሬ ምክር ቤት ሕግ ከጣሰ ነገ እኛ ሥልጣን ስንይዝ ማን ይታዘዘናል የሚል ሥጋት ነበረው። ሞሪሰን ተራ ሰው አልነበረም፤ በኋላ የለንደን ካውንቲ ምክር ቤትን የመራ፣ ሚኒስትርም የሆነ ነው። ሥጋቱ ባዶ ነው አልልም። ግን በ1921 ሞሪሰን የመረጠው መንገድ፣ ማለትም ማመልከቻና ልመና፣ ለዓመታት ተሞክሮ ምንም አላመጣም ነበር። የፖፕላር እምቢታ የሠራው ሦስት ነገር ስለተሟላለት ይመስለኛል፦ ጥያቄው አንድና በቁጥር የሚገለጽ ነበር፣ ሕዝቡ ወዲያው ተጠቅሟል፣ ተመራጮቹም የሚመጣውን ቅጣት በራሳቸው ገላ ተቀብለዋል።

ያ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ራሷ ፖፕላር አሳይታለች። የ4 ፓውንዱ ደመወዝ ሲወሰን የኑሮ ውድነት ጣሪያ ነክቶ ነበር። በኋላ ዋጋ ሲወርድ ምክር ቤቱ ደመወዙን አልነካም። የመንግሥት ኦዲተር ወጪው ከልክ አልፏል ብሎ 5,000 ፓውንድ ከተመራጮቹ ኪስ እንዲተካ ወሰነ። ክርክሩ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ችሎት ደርሶ በ1925 ኦዲተሩ አሸነፈ። ሕጉ ለምክር ቤቱ «ተገቢ የመሰላችሁን ደመወዝ ክፈሉ» የሚል ሥልጣን ሰጥቶት ነበር፤ ዳኞቹ ግን ያ «መሰላችሁ» በገበያው ዋጋ ልክ የሚታሰብ ነው አሉ። ለአካባቢ ተመራጭ ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ ሊነበብ የሚገባው ነው። ምክር ቤቱ ውሳኔውን ሲያጸና ምክንያቱን፣ የዋጋ ጥናቱን፣ የሠራተኛውን ሁኔታ በቃለ ጉባኤ ላይ በበቂ ቢያሰፍር ኖሮ ክርክሩ የተሻለ መሬት ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ። መልካም ሐሳብ በመዝገብ ካልተደገፈ በኦዲት ፊት አይቆምም።

በኅዳር 1922 ቦው ኤንድ ብሮምሊ ላንስበሪን ወደ ፓርላማ መለሰው፤ እስኪሞት ድረስም አልለወጠውም። ሳም ማርችም በዚያው ምርጫ ከደቡብ ፖፕላር ገባ። ከታሰሩት ሴቶች አንዷ ሱዛን ሎረንስ በ1923 ተከተለች። የጎረቤቷ ስቴፕኒ የቀድሞ ከንቲባ ክሌመንት አትሊም በ1922 ከላይምሃውስ ተመርጦ ነበር። ምሥራቅ ለንደን የወረዳ ምክር ቤቶቿን ወደ ዌስትሚኒስተር አዛወረች ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የፓርላማ ዘመኑ ከመጀመሪያው በጣም ይለያል። ከ1929 እስከ 1931 የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ ሆኖ በካቢኔ ተቀመጠ። መሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ነው፤ የመንግሥት ሕንፃዎችንና የንጉሡን መናፈሻዎች ይጠብቃል። ላንስበሪ ግን ከድሆች ቦርድ የለመደውን አደረገ፤ በእጁ ያለውን ዘረዘረ። በመናፈሻዎቹ የልጆች መጫወቻ አስገባ፤ በ1930 በሃይድ ፓርክ ሰርፐንታይን ሐይቅ ወንድና ሴት አብረው የሚዋኙበት ቦታ ከፈተ። ዛሬም ሰዎች ይዋኙበታል።

በ1931 ምርጫ ፓርቲው ሲወድቅ፣ ከቀድሞ የካቢኔ አባላት ውስጥ ከሌበር ጎን ቆሞ መቀመጫውን ያላጣው ላንስበሪ ብቻ ነበር። ፓርቲው 50 ያህል እንደራሴ ብቻ ቀርቶት ሳለ በምክር ቤቱ መራው፤ በ1932 የፓርቲው መሪ ተባለ፣ አትሊ ምክትሉ ሆነ። ከአመራሩ የወረደው በ1935 ነው፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችባቸው በእነዚያ ቀናት። የፓርቲው ጉባኤ በብራይተን ተሰብስቦ በሙሶሊኒ ላይ ማዕቀብ፣ ካስፈለገም ኃይል ይደገፍ በሚለው ሲከራከር፣ ላንስበሪ በክርስቲያናዊ እምነቱ የተነሳ ማንኛውንም ጦርነት ተቃወመ። የሠራተኛ ማኅበራት መሪው ኧርነስት ቤቪን በብርቱ ተቸው፤ ጉባኤውም ከቤቪን ጋር ሆነ። ላንስበሪ በቅንነት እንደቆመ አልጠራጠርም። ሆኖም በወረዳው እምቢታ የሠራው ተቃዋሚው በሕግ የሚገዛ መንግሥት ስለነበረ ነው፤ ሙሶሊኒ እንደዚያ አልነበረም። በ1937 ወደ ሒትለርና ወደ ሙሶሊኒ ሄዶ ስለ ሰላም ያደረገው ንግግርም አንዳች ነገር አልለወጠም።

የድሆች ቦርዶቹ በ1929 ሕግ ፈርሰው ሥራቸው ወደ ካውንቲና ከተማ ምክር ቤቶች ተዛወረ። የድሆች ሕግ ራሱ ጨርሶ የተሻረው በ1948፣ በአትሊ መንግሥት ዘመን ነው። ላንስበሪ ያንን አላየም፤ ግንቦት 7 ቀን 1940 አረፈ። መቀመጫውን በማሟያ ምርጫ የያዘው የፖፕላር ምክር ቤት አባልና ከንቲባ የነበረው ቻርልስ ኪይ ነው። ከ1947 ጀምሮ ደግሞ ኪይ የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር ሆነ፤ መናፈሻዎቹን የሚጠብቀው የላንስበሪ አሮጌ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት እንደገና ለአንድ የፖፕላር ተመራጭ ደረሰ።